የአስተርጓሚው አበል

ከቴዎድሮስ አደባባይ ወረድ ብሎ፣ ከጎማ ጠጋኙ ጀርባ፣
አንድ ግቢ አለ፤ ቆርቆሮው የዛገ፣ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባ።
እዚያ ተቀጠርኩ፣ ለአንድ ክረምት፣ በቀን ሂሳብ፣
የፈረንጇን ቃል ለልጆች፣ የልጆችን ለሷ ላቀርብ።

ስሟ አይኖ ነው። ከፊንላንድ። በበሩ ስታልፍ ጉበኑ ግንባሯን ይመታዋል።
ኢክራም፣ ምላሰ ስሏ፣ በመጀመሪያው ቀን ስሟን ለሁለት ቆረጠችው፦
«አይ» የኛ፣ «ኖ» የነሱ፤
ሁለት እምቢታ ተጋብተው
እሺ ባይ ወለዱ! አለች፤
ቤቱ በሳቅ ተናጋ።
ተርጉምልኝ ስትለኝ፣ ላብ አጠመቀኝ።

የኔ እንግሊዝኛ ከፊልም ቤትና ከአሮጌ መዝገበ ቃላት የተለቀመ፣
የሷም የብድር ነው፤ መሀል መንገድ ላይ ስንቴ ነዳጅ አልቆበት ቆመ።
ሁለት ባለዕዳዎች ፊት ለፊት ቆመን
ሠላሳ ሁለት ልጅ ያየን ነበር፣ አፍ አፋችንን።

«ጠ» አቃታት።
ኢክራም የደብተር ቅዳጅ ከከንፈሯ ፊት ያዘችላት፦
«ወረቀቱ እንዳይነቃነቅ! ትንፋሽሽን ዋጪው!»
«ተተር» አለች አይኖ፤ ወረቀቱ በረረ።
«ተተር»፤ በረረ።
ነሐሴ ሲገባ አንድ ቀን «ጠጠር» አለች፣ ወረቀቱም ዝም፤
ጎል እንደገባ ነው የጮኹት፣
ጥበቃው ጋሽ ሽብሩ ዱላውን ይዞ እስኪሮጥ ድረስ።

አንዱ ልጅ ግን አይጮህም። ላምቤቦ።
የሊስትሮ ሳጥኑን ታቅፎ ጥግ ላይ ይቀመጣል፤
ስንቆም ይቆማል፣ ስናጨበጭብ ዘግይቶ ያጨበጭባል።
«ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ።
«ዓይን አፋር ነው» አልኳት፣ ሳልጠይቀው።
ሥራዬ መተርጎም አይደል? ዝምታውንም ተረጎምኩ፤
ለዚያም ቀን አበሌን ፈርሜ ተቀበልኩ።

ከዚያ አንድ ሐሙስ ዝናብ ወረደ፣
ሲኖትራክ ጠጠሩን ጣሪያው ላይ የገለበጠ ይመስል።
እንግሊዝኛዬ ጠፋ፣ አማርኛዬ ጠፋ፣
በአፉ እንጀራ የሚበላው ሰው አፉ ሥራ ፈታ።
ጣሪያው በሦስት ቦታ ያፈሳል፤ አንዱ ከላምቤቦ በላይ ነው፤
ልጁ ሳጥኑን በጀርባው ከልሎ እሱ ይበሰብሳል።
አይኖ ባልዲ አመጣች፤
ሳጥኑን በሁለት እጇ፣ እንደሚሰበር ነገር፣ ወደ ደረቁ አዛወረችለት፤
አጠገቡ ቁጢጥ ብላ ጣቷን ባልዲው ውስጥ ነከረች፣
ቅንድቧን አነሳች። ይኸስ?
ሁሉንም ልጅ እንዲህ ነው የምትጠይቀው፤ እኔ ያላየኋት መስሏት አይደለም፣
እኔን ሳትጠብቅ።

ዝናቡ ትንፋሽ ሲሰበስብ
«ወኦ» አለ ልጁ።

ደብተሯን አውጥታ ጻፈችው፣ ዞራም አየችኝ፦
ሌላኛው አማርኛ ነው?
አይደለም። ሀዲይኛ ነው።
ሰባት ሳምንት ሙሉ ባልገባው ቋንቋ ተረት አውርቼለታለሁ፣
ተራ አስይዤዋለሁ፣ ተቆጥቼዋለሁ፤
ባዕድ ብዬ የቆጠርኩት እሷን ብቻ ነበር።
አበል የምከፈለው በማን አፍ ነው?
ይህን አልተረጎምኩላትም።

መስከረም ላይ ሄደች፤ ደብተሯንም ይዛ።
ግቢውን አሁን ሌላ ሰው ተከራይቶታል፣ ጎማ ያከማችበታል።
እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ፖስታ ቤት እወርዳለሁ፣
ጫማዬ ሳይቆሽሽ ላስጠርገው።
አማርኛው ዛሬ ከኔ ይፈጥናል፤ ዋጋም ይከራከራል።
«ወኦ» እለዋለሁ። ይስቃል።
መሀሉ ላይ ትንሽ መሰናከል አለ፣ ጉሮሮ ውስጥ፣
እሷን ነው ያጣኋት።
ብሩሹን በሳጥኑ ጠርዝ ቋ! ያደርጋል።
«እንደገና» ይበል፣ «እግር ቀይር» ይበል፣
አልገባኝም፤
ሁለቱንም አደረግሁ።